ዓይኑ ሳይጠፋ ያያት ልጅ

«አንድ ገበሬ ነበረ፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ከአንዲት ሴት ልጅ በቀር ማንም የሌለው።»

እንዲህ ብለው የጀመሩት የእንግሊዝኛው መምህር ጌጤነህ ናቸው። ዘርፌ የምትባል ልብስ ሰፊ ተማሪያቸው ሌሎቹ ሲወጡ ወደኋላ ቀርታ ጠይቃቸው ነበር። «መምህር፣ ያለፈ ችሎታን ለመናገር ‹ኩድ› አይበቃም? ‹ሃድ ቢን ኤብል ቱ› ደግሞ ለምን አስፈለገ?» እሳቸውም ጠመኔውን አስቀምጠው ታሪኩን ቀጠሉ።

ገበሬው ልጁን ለአንድ ባለጠጋ ሊድር አስቦ ሳለ፣ እሷ የሸክላ ሠሪ ልጅ ወደደች። «እሱን ካገባሽ አባት የለሽም» አላት። አገባችው። ከባሏ ጋር ወንዙን ተሻግራ፣ ገበያው አጠገብ ጎጆ ቀለሰች።

ከዚያ ወዲያ የገበሬው ቤት ዝም አለ። የሚያነጋግረው በሬዎቹን ብቻ ሆነ። ሰው የልጁን ነገር ሲያነሳበት ወሬውን ወደ ዝናቡ ይመልሰዋል። ዓመታት እንዲሁ አለፉ። አንድ ጠዋት ሲያርስ ትልሙ ደበዘዘበት። ቆይቶ የማዶው ተራራ ጠፋው፤ ከዚያም የዶሮዎቹ መልክ። ጤና ጣቢያ ሲሄድ ሐኪሙ ሕመሙ መድኃኒት እንደሌለው ነገረው፤ ሊያየው የሚፈልገው ነገር ካለም እንዳይዘገይ መከረው።

ገበሬው በገበያው ቀን በሬዎቹን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ በትሩን ይዞ ወንዙን ተሻገረ። ሸክላ ተራ ሲደርስ ሰው ሁሉ ጥላ ሆነበት። እየተጠጋ የሴቶቹን ፊት ማየት ጀመረ። አንዳንዶቹ ተቆጡት፤ አንዷም ሰክሯል ብላ ገፋችው። እሱ ግን እስኪያገኛት አልተመለሰም።

እንስራ እየደረደረች ነበር። ከስታለች፤ ቁርጥ እናቷን ሆናለች። ጉንጯ ላይ ጭቃ ደርቋል። እንዲህ ቀርቦ አይቷት አያውቅም፤ አብረው ሲኖሩ እንኳ። ቀና ብላ አየችው፤ ፀሐዩ ከኋላው ስለነበረና ፊቱም በጋቢው ስለተሸፈነ አላወቀችውም።

«አባባ፣ እንስራ ፈልገው ነው?» አለችው።

አባባ ለማንም ሽማግሌ ይባላል። ስሟ ግን ከንፈሩ ላይ ደርሶ ነበር። ስሟን ቢጠራ ያን የድሮ ቃሉን ምን ሊያደርገው ነው? ራሱን ነቀነቀና ዞረ። በሚቀጥለው ገበያ መጥቶ ሊያናግራት ለራሱ እየማለ ወደ ቤቱ ሄደ።

ክረምቱ ቀደመው። ወንዙ ሞላ፤ ሳይጎድልም የገበሬው ዓይን ጨርሶ ጠፋ። መስከረም ሲጠባ ወደ ማዶ ሰው ላከ። ሸክላ ሠሪዎቹ ጎጇቸውን ነቅለው ወዳልታወቀ አገር ሄደዋል ተባለ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ኖረ። እሳት የሚያነዱለት ጎረቤቶች ሁለት ነገር ሲናገር ይሰሙታል። «ዓይኔ ሳይጠፋ ላያት ችዬ ነበር» ሲል ፊቱ ይፈታል። «ላናግራት እችል ነበር» ሲል ግን ወደ ግድግዳው ይዞራል።

መምህሩ እዚህ ላይ ወደ ዘርፌ ዞሩ። «ሁለቱም ያለፈ ነው፤ ሁለቱም ችሎታ ነው። ‹ሃድ ቢን ኤብል ቱ› ግን ሌላ ነገር ከመድረሱ በፊት ለተሳካልሽ ነው፤ ሰውየው ጨለማው ሳይመጣ ልጁን እንዳያት። ስለዚህ በኋላ የመጣውን ነገር ሰሚሽ ካላወቀው አነጋገሩ ብቻውን አይቆምልሽም። ‹ኩድ› ችሎታው እንደነበረሽ ይነግርልሻል እንጂ ተሠራበት አልተሠራበት አይልም። ‹ሃቭ› ከተከተለውማ ብዙ ጊዜ ሳይሆን የቀረውን ነው የሚናገረው፤ ሰውየው አንደበት እያለው ዝም እንዳለ።»

ዘርፌ ደብተሯን ዘጋች። ልጅቷስ አባቷ መምጣቱን አውቃ እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«አላወቀችም» አሉ መምህሩ። «ለእሷ፣ አንድ ሽማግሌ እንስራ ሳይገዛ የሄደበት ቀን ነው።»