የእንሽላሊቷ ገበታ

አንዲት እናት ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ አንድ ልጅ ያላት፣ እንግዳ የምትወድ ሴት። ልጇ አቤኔዘር የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነው። አንድ ቀን ይህ ልጅ የመስታወት ሳጥን ታቅፎ ቤት ገባ። በውስጡ ምን ያለ ይመስላችኋል? እንሽላሊት! እንደ ነብር ዝንጉርጉር የሆነች፣ ገና ያላደገች እንሽላሊት። እናቲቱ መጀመሪያ ጮኸች። ኋላ ግን ልጇ የወደደውን መጥላት አቃታትና ወደደቻት።

ልጁ ለመስክ ልምምድ ሊሄድ ሲል እንዲህ አላት።

«እማዬ፣ አደራሽን። ስታድግ በሁለት በሦስት ቀን አንዴ ይበቃታል፤ አሁን ግን ትንሽ ናት፣ በየቀኑ ትብላ። ሲመሻሽ ከዚህ ካርቶን አምስት ስድስት ፌንጣ ከነሕይወቱ ስጫት። ደቃቃ ደቃቃውን፣ በሁለት ዓይኖቿ መካከል ካለው ቦታ የማይበልጠውን። ከዚያ ትንሽ ጠብቂና ያልበላችውን አውጪው።»

እስቲ ንገሩኝ፣ ይህ ምን ይከብዳል? መስጠቱ አይከብድም። ያቃታት «አውጪው» የሚለው ነው። እኛ ዘንድ ከበላተኛ ፊት ገበታ ይነሳል እንዴ? እንግዳ «ጠግቤያለሁ» ብሎ ቢምል ሰምተነው እናውቃለን? «አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ!» እንላለን እንጂ። ይህች እናትም ስድስት ሰጠች። እንሽላሊቷ አራቱን በልታ ፊቷን አዞረች። «ወይ ይሉኝታ!» አለችና የቀሩትን እዚያው ተወቻቸው። በማግስቱ ጨመረች። በሌላው ቀን እፍኝ ሙሉ ደፋችላት። «የልጄ አደራ እኔ ቤት ጦሟን አታድርም!»

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔም ስሰማ ስቄ ነበር።

ከዚያ ከሳጥኑ ድምፅ ይሰማ ጀመር። የፌንጣን ጩኸት ታውቁታላችሁ፤ ጆሮ ውስጥ ገብቶ አልወጣም የሚለውን። ጎረቤቷ እትዬ አስካለ ሻይ ልትጠጣ መጥታ ወደ ውስጠኛው ክፍል ጆሮዋን አዘነበለች።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚጮኸው?»

«እሷ ናታ! ጠግባ ስትዘፍን ነው።»

«እኔ እንጃ እህቴ፣ ይሄ የጠገበ ድምፅ አይመስለኝም» አለች እትዬ አስካለ። ሻይዋንም ሳትጨርስ ወጣች።

አንድ ጠዋት ድምፁ ቆመ። ወገኖቼ፣ ዝምታ ከጩኸት የሚያስፈራበት ጊዜ አለ። እናቲቱ ወደ ሳጥኑ ጠጋ ስትል ሌላ ነገር ሰማች፤ ቅርጥፍ፣ ቅርጥፍ የሚል በጣም ቀጭን ድምፅ። «እሰይ፣ እየበላች ነው!» ብላ ጎንበስ አለች።

እንሽላሊቷ አትንቀሳቀስም። ዓይኗ ፈጧል። ፌንጣዎቹ እግሯ ላይ፣ ጀርባዋ ላይ፣ ፊቷ ላይ ሰፍረዋል። ይበሉ ነበር፤ እሷን ይበሉ ነበር።

እናቲቱ አንድ በአንድ ለቀመቻቸው። ለልጇም ደወለች።

«አቤኔዘር፣ በገዛ እጄ ገደልኳት! ያበላኋት ነገር በላት!»

«እማዬ፣ የተረፈውን አላወጣሽም?»

«እንዴት ከፊቷ ላንሳ ልጄ? እንዳትራብ ብዬ ነዋ!»

«እሷማ ጠግባ ነበር። የተራቡት እነሱ ናቸው። ምግብም ይራባል፣ እማዬ።»

እንሽላሊቷ አልሞተችም። ጣቶቿ ግን ተበልተዋል፤ የአንድ ዓይኗም ቆብ የለም። ዛሬ ስትተኛ አንዱ ዓይኗ ይከደናል፣ አንዱ ያያል። እናቲቱ በዚያ ክፍል ስታልፍ ፊቷን አዙራ ነው።

ምግብም ይራባል! ሰማችሁ?

ሰው በደላችሁ። ተቆጣችሁ። መቆጣት ያለ ነው፤ ለዚያች ቀን አቅም ይሆናል። ግን ሲመሽ አነሳችሁት? ወይስ በማግስቱ ጨመራችሁበት? «እንዲህ ብሎኝ ነበር፣ ደግሞም እንዲህ አድርጎኝ ነበር» እያላችሁ በእፍኝ አልደፋችሁበትም? ቂም ሲቀምሱት ይጣፍጣል፤ ለዚህ ነው ማንም ቶሎ የማያነሳው።

«እኔ እንኳ ትቼዋለሁ» የምትሉ አላችሁ፤ አውቃችኋለሁ። አዎ፣ ትታችሁታል። አውጥታችሁታል ወይ? መተውና ማውጣት አንድ ናቸው እንዴ? «ኧረ ረስቼዋለሁ፣ ድምፁም ጠፍቷል» ትላላችሁ። በዚህ አትደሰቱ! ድምፁ የሚጠፋው መብላት ሲጀምር ነው።

እንቅልፋችሁን ማን በላው? ከልጆቻችሁ ጋር ትስቁት የነበረውን ሳቅ ማን በላው? ጸሎት ስትጀምሩ ልባችሁን ቅርጥፍ የሚያደርገው ማን ነው?

አሁን ይህን ስናገር የአንድ ሰው ስም ወደ ልባችሁ መጥቷል። ደጁንም ታውቁታላችሁ። ዛሬ ወደ ቤታችሁ ከመግባታችሁ በፊት ሂዱና አንኳኩ። ባይከፍትላችሁ እንኳ አንኳኩ።