ጩኸቷን የተነጠቀችው ጅግራ

አንድ ጊዜ በአንድ ወንዝ ዳር ዓይነ ንቁ የሆነች ጅግራ ትኖር ነበር። አያ ጅቦ ከገደሉ ሲወርድ ባየች ቁጥር «ቀቅ! ቀቅ! ቀቅ!» ብላ ትጮኻለች፤ ውሃ የሚጠጣው ሁሉ እግሬ አውጪኝ ይላል። አያ ጅቦም ምራቁን እየዋጠ ይመለሳል።

ረኀብ ሲጠናበት ወደ እመት ቀበሮ ሄደ።

«ይቺ ጅግራ በረኀብ ልትገድለኝ ነው፤ ምን ላድርጋት?»

«ሞኞ! ሕግ እያለልህ?» አለችው። ዘፋኝ ወፎች ዜማችን ተሰረቀ ብለው ቢያመለክቱ፣ ንጉሥ አንበሳ «የሌላውን ድምፅ ወሰደ ተብሎ የተከሰሰ፣ ነገሩ እስኪጣራ ዝም ይበል» ብሎ ደንግጎ ነበር። «ጩኸቷ ካያቴ የወረስኩት ነው በል።»

«እኔ እንደዚያ መጮኽ መች እችልና!»

«ጩኽ የሚልህ ማን አለ? ሕጉ ተከሳሽን ዝም ያሰኛል እንጂ ከሳሽን አይጠይቅም። ብቻ ድርሻዬን እንዳትረሳ።»

አያ ጅቦ ሄዶ ከሰሰ። ጅግራ ተጠራች።

«ንጉሥ ሆይ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ይጩኽና ይስሙት!» አለች።

አንበሳ ከተጋደመበት ቀና እንኳ አላለም። «እሱ በችሎት ቀን ይታያል። እስከዚያ ብትጮኺ ላባሽ ይነጫል።»

በማግስቱ አህያ ውርንጭላዋን አስከትላ ወደ ወንዙ ወረደች። ጅግራ ስትጮኽ ስላልሰማች ሰላም መስሏት ውርንጭላውን ወደ ውሃው ለቀቀችው። ጅግራ ግን የጅቡን ጆሮ ከሣሩ መሃል አይታለች። ክንፏን አራገበች፤ ወዲያ ወዲህ ሮጠች።

«ምነው ዛሬ፣ ጭፈራ አማረሽ?» አለች አህያ እየሳቀች።

ጅግራ ላባዋንም ሕጉንም ረስታ ጮኸች። ግን ጅቡ ውርንጭላውን ይዞ ነበር።

ያ ዓይን አውጣ አፉ ላይ ያለው ደም ሳይደርቅ ችሎት ቀረበ። «ሕግ ጥሳ በእኔ ድምፅ ጮኻለችና ትነጭልኝ!»

«እስቲ ድምፅህን አሰማ» አለ አንበሳ።

«አዉ…ዉ!»

ልጇን ያጣችው አህያ በችሎቱ ስላለች የሳቀ የለም። አንበሳ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጩኸቱ የጅግራ ነው። በነጻ ሂጂ።»

«እሱስ?» አለች ጅግራ።

«በሐሰት ለከሰሰ ሕጉ ቅጣት የለውም።»

«ልጄስ?» አለች አህያ።

አንበሳ ፊቱን አዞረ። ጅግራ ግን ዝም አላለችም፦ «ንጉሥ ሆይ፣ ሲከሰኝ አፌን ዘጉለት፤ እሱ ያንን ጊዜ ለመብያ አደረገው! ላባዬን ይንጩት፤ ከእንግዲህ ጅብ እያየሁ ዝም አልልም!»

ዘፋኝ ወፎችም ከዛፋቸው ወርደው አህያዋ አጠገብ ቆሙ። «ሕጉ ለእኛ ተብሎ ወጣ፤ በእኛ ስም ግን ደም አይፍሰስ!»

አንበሳ አፈረ። «ከእንግዲህ ከሳሽ አስቀድሞ ድምፁን ያሰማ፤ ዋሽቶ ከተገኘ ቅጣቱ በራሱ ላይ ይውረድ» ብሎ ሕጉን አረመው። አያ ጅቦና መካሪው እመት ቀበሮም ከወንዙ ዳር ተባረሩ። አህያዋ ግን ብቻዋን ወደ ቤቷ ሄደች።

ከዚህ የምንማረው፣ የከሳሹን እውነት ሳይመረምር የተከሳሹን አፍ የሚዘጋ ሕግ ለባለመብት ጋሻ መሆኑ ቀርቶ ለቀማኛ ጥርስ እንደሚሆን ነው።