ያልተቀረጸው ሰባተኛ ዙር

አንድ ሰው በሲኒማ አዳራሽ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ በጠራራ ቀን ይንቀጠቀጣል። ድሬዳዋ ነው፤ ያውም በግንቦት! ምን አንዘፈዘፈው በሉኛ?

ይህ ሰው በጉብዝናው ጊዜ ቦክሰኛ ነበር፤ ዘለለው ይባላል። ከሽብሩ ጋር የገጠመውን ግጥሚያ አገር ያውቀዋል። በሰባተኛው ዙር ዘለለው ተዘረረ። ሲያነሡት ምን አለ? “ሽብሩ ጓንቱ ውስጥ ብረት ደብቋል! ከባቡር ሐዲድ የተቆረጠ ብረት!” ጓንቱ ተፈተሸ፤ ባዶ ነው። “አውጥቶ ጥሎታላ!” አለ።

አገሩ አመነ። ሽብሩ ከዚያ ወዲያ ሪንግ አልረገጠም። ስሙም “ሐዲዱ” ሆኖ ቀረ። ልጆቹ ሳይቀሩ “የሐዲዱ ልጆች” ተባሉ።

ሠላሳ ዓመት አለፈ። የዚያ ግጥሚያ ፊልም ከአንድ መጋዘን ተገኘና ዘጋቢ ፊልም ተሠራበት። አዳራሹ ጢም አለ። ሁለቱን ሽማግሌዎች ጎን ለጎን አስቀመጧቸው።

“አይዞህ አቦ፣ ዛሬ አልመታህም!” አለው ሽብሩ።

ዘለለው ግን ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም። ብረት እንዳልነበረ ያውቃላ! ብረቱ ይቅርና ቡጢውም አልነካው። ነፋሱ ሽው ሲልበት ፈርቶ ነው የተኛው። አሁን ይህ ሁሉ ሕዝብ ሊያየው ነው። አራተኛ ዙር። አምስተኛ። ደወሉ በተመታ ቁጥር ወደ መውጫው በር ይዞራል። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ!

የስድስተኛው ማብቂያ ሲደወል ብድግ ብሎ ስክሪኑ ፊት ተገተረ። “አቁሙት! ሽብሩ አልነካኝም! ፈርቼ ነው የወደቅኩት! ብረቱን እኔ ነኝ የፈጠርኩት!”



ፊልሙን የሠራችው ልጅ ግራ ገባት። “ጋሼ፣ ሰባተኛው ዙር እኮ የለም። ካሜራው ፊልም አልቆበት ነበር።”

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሽብሩ ግን አልሳቀም። “ዘለለው፣” አለ ቀስ ብሎ፣ “እኔ ራሴ እኮ ያንን ጓንት ስንቴ ገልብጬ አራግፌዋለሁ። ምናልባት ብረቱ ኖሮ ይሆን ብዬ።”

ሰማችሁ? ውሸቱ የተዋሸበትን ሰው ሳይቀር ሊያሳምን!

ወገኖቼ፣ እናንተስ? “ማን አየኝ?” ትላላችሁ። እውነት ነው፣ የሰው ካሜራ ፊልም ያልቅበታል። የላይኛውስ? እሱ ፊልም ሲቀይር ያያችሁት አላችሁ? ዘለለው ሰው ሊያየኝ ነው ብሎ ተንቀጠቀጠ፤ እኛ እግዚአብሔር እያየን ተሸፋፍነን እንተኛለን!

ስድስተኛው ተደውሏል። ሰባተኛው ሳይከፈት ተነሡ። ሩቅ አትሂዱ። የበደላችሁት ሽብሩ እዚሁ፣ አጠገባችሁ ተቀምጧል።