ቆቅ ያሳረፈችው እመቤት

ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ በሩ መቆለፊያ የማያውቅ አንድ ሰፊ ግቢ አለ። በዚያ ሰፈር ሁለት ጎረቤታሞች ሲኳረፉ፣ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት አንዲት የጨርቅ አሻንጉሊት ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ትላካለች፤ እንዝርት የያዘች፣ የመሶብ ክዳን የደፋች፣ ትከሻዋ ላይ ቆቅ ያሳረፈች። የተላከችለት ሰው አዲስ ቀሚስ ሰፍቶ ያለብሳትና ራሱ ይዟት ይመለሳል። ይዟት ከመጣ መቼም ደጅ ቆሞ አይሄድም፣ ይገባል፤ ከገባ ይበላል፤ አብሮ የበላ ሰው ደግሞ እንዴት አድርጎ ይኳረፋል?

እንደሚነገረው፣ ባቡሩ ገና አዲስ ሳለ ግቢው የግሪካዊው ነጋዴ የሙሴ ስታቭሮና የሚስቱ የማዳም ካሊዮፒ ነበር። የሰፈሩ ብቸኛ የውሃ ጉድጓድ እዚያው ስለነበር ሴቱ ሁሉ ጧት ጧት እንስራውን አዝሎ እየገባ ይቀዳ ነበር። ካሊዮፒ መስኮቷ ላይ፣ ከበሶብላዋ አጠገብ፣ እናቷ የሰጠቻትን የሸክላ ምስል ታስቀምጥ ነበር። ምስሏ አቴና ነበረች። አቴና ማለት የጥንት ግሪኮች የብልሃት ሴት አምላክ ናት፤ የብረት ቆብ አስደፍተው፣ ጦር አስይዘው፣ ከጉጉት ጋር ነው የሚሠሯት፤ ጉጉት በእነሱ ዘንድ የብልህ ምልክት ነውና።

አንድ ቀን ታዲያ አሻንጉሊት እየሰፋች የምትኖረው የጎረቤቷ የደብሪቱ ፍየል በዚያ መስኮት ዘላ ገባችና በሶብላውን በላች፣ ምስሏንም ሰባበረች። ካሊዮፒ አለቀሰች፤ አልቅሳም ስታበቃ የግቢውን በር ቆለፈች።

ሰፈሩ ወደ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ ወርዶ አሸዋ እየቆፈረ ውሃ መጨለፍ ጀመረ። ደብሪቱም የምታልፍበት መንገድ አጣች።

«ደብሪቱ፣ ያቺ ፍየልሽ ጉድጓዳችንን ጠጥታ ጨረሰችው አይደል?» ይሏታል።

ይቅርታ ልትጠይቅ ብታንኳኳ የሚከፍት የለም። እጇ ግን ጨርቅና ገለባውን ሰው የሚያስመስል እጅ ነበርና፣ ወደ ሙሴ ስታቭሮ ሱቅ ሄደች።

«ሙሴ፣ ፍየሌ የሰበረቻት ሴትዮ ምን ትመስል ነበር?»

«ጦር ይዛለች። የብረት ቆብ አላት። ትከሻዋ ላይ ጉጉት...»

«በስመ አብ! የሟርት ወፍ ይዤ ለዕርቅ ልሂድ?»

ሙሴ ስታቭሮ ሳቀ። «ጉጉት እኮ ንቁ ወፍ ናት።»

«መንቃት ከሆነማ ከቆቅ ወዲያ ማን አለ!»

ቤቷ ገብታ መስፋት ስትጀምር ጦሩም አላማራትም፤ ሴት ጦር ይዛ ጎረቤት ቤት አትገባም ብላ እንዝርት አስያዘቻት። የብረቱ ቆብ ራሷን ያማታል ብላ አዘነችላትና ትንሽ የመሶብ ክዳን ሰፍታ ደፋችላት። ከዚያ አሻንጉሊቷን በአጥሩ ላይ ከፍ አድርጋ ይዛ ቆመች፤ እንስራ ያዘለው ሰፈርተኛም ከኋላዋ ቆሞ ይጠብቅ ጀመር።

በሩ ገርበብ አለ።

«ይቺ የእኔ አይደለችም» አለች ካሊዮፒ።

በሩ ተመልሶ ሊዘጋ ሲል ግን ዓይኗ እንዝርቱ ላይ አረፈ። ለካ ግሪኮች ሴቶችን መፍተልና መሸመን ያስተማረችው አቴና ናት ይላሉ፤ የካሊዮፒም እናት ፈታይ ነበረች።

«እንዝርቱን ማን ነገረሽ? ስታቭሮ ነው?»

«ማን ይነግረኛል! ብልህ ሴት ናት አለኝ፤ ብልህ ሴት ባዶ እጇን ትቀመጣለች እንዴ?»

«ይቺስ ዶሮ?»

«ኧረ ቆቅ ናት! ፍየሌን እንድትጠብቅልን።»

የካሊዮፒ ሳቅ እስከ ሐዲዱ ተሰማ ይባላል። አንዳንዶች ቁልፉን ያኔውኑ ጉድጓዱ ውስጥ ወረወረችው ይላሉ፤ ሌሎች ግን ሰንሰለቱን ከነቁልፉ ለደብሪቱ ሰጥታ «ፍየልሽን እሰሪበት» አለቻት ይላሉ። ይሄኛው ይበልጥ ያስኬዳል፤ በዚያ ሐሩር የሚጠጣውን ውሃ በብረት የሚያዝግ ሰው የለማ። በማግስቱም ካሊዮፒ ለአሻንጉሊቷ ሰማያዊ ቀሚስ ሰፍታላት፣ ይዛት ደብሪቱ ቤት ምሳ በላች።

ዛሬ ቧንቧ ገብቷል፣ ጉድጓዱም ተከድኗል። የአሻንጉሊቷ ገለባ ስንቴ እንደተቀየረ የሚያውቅ የለም። የግቢው በር ግን አሁንም አይቆለፍም፤ ሰውም ፍየልም እንዳሻው ይገባል። በሶብላው ብቻ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ነው የሚቀመጠው።