የአንዳርጌ ቀኝ ክንድ

በአንድ ወቅት፣ ደም የተቃቡ ሁለት ቤተሰቦች በሚኖሩበት መንደር ይታይሽ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ አንዳርጌ የወንድሙን ገዳይ ቢያድግልኝን ሊገድል ምሏል። ቢያድግልኝ እስሩን ጨርሶ ቢፈታም አንዳርጌን ያ አልበቃውም። ጠመንጃውን ሲወለውል ባየችው ቁጥር ይታይሽ «ተው» ትለው ነበር።

አንድ ቀን አንዳርጌ ገደል ገባ። ቀኝ ትከሻው ወልቆ፣ ጅማቱ ተበጥሶ ሲያቃስት የደረሰለት ሌላ ሰው ሳይሆን ቢያድግልኝ ነበር። አዝሎት አቀበቱን ወጣ።

«ከዳንኩ አልምርህም» አለው አንዳርጌ ከጀርባው ላይ ሆኖ።

«መጀመሪያ ዳን» አለ ቢያድግልኝ። መኪና መንገድ አድርሶት ተመለሰ።

ሆስፒታል፣ ዶክተር ወይንሸት ትከሻውን መርምራ «ኦፕራሲዮን ካልተደረገ ይህ ክንድ ከደረቱ በላይ አይነሳም» አለች። ይታይሽ በር ላይ ጠብቃ እጇን ያዘቻት።

«እመቤቴ፣ ይተዉት። ያ ክንድ ከተነሳ ሰው ይገድልበታል።»

ዶክተሯ ፊቷ ጠቆረ። «እህቴ፣ ለሽማግሌ ንገሪ። እኔ ገና ባልሠራው ኃጢአት አካሉን ልቀጣው አልችልም።» ትከሻውን ከፍታ የተበጠሰውን ጅማት ከአጥንቱ ጋር ሰፋችው።

ይታይሽ ለሽማግሌ ነገረች፤ አንዳርጌ ለእርቅ አልቀመጥም አለ። ክንዱ በየቀኑ ቀስ እየተባለ ካልተንቀሳቀሰ እንደሚደርቅ ተነግሯታል። መጀመሪያ ሰሞን አልነካችውም። ማሳው ጦም አደረ። ከዚያ አንድ ጧት አንዳርጌ ሸሚዙን መልበስ አቅቶት ሲያለቅስ አየችው፤ አንጀቷ አልቻለም። ክንዱን ይዛ ታሸው፣ ታነሳው ጀመር። ክንዱ ከፍ ባለ ቁጥር እሱ ይስቃል፣ እሷ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጠመንጃ ታያለች።

ክንዱ ዳነ፤ አረሰ፣ አጨደ። አውድማው ሳይጠረግ ይታይሽ ከውጭ ስትገባ ጠመንጃው ከተሰቀለበት የለም። ስሙን እየጠራች ወጣች። ከወንዙ ማዶ አንድ ጥይት ጮኸ። ቢያድግልኝ ከከብቶቹ መሀል ወድቆ ተገኘ።

አንዳርጌ ታሰረ። ለቅሶው ላይ ግን ሰዉ ተከፋፈለ።

«ሐኪሟ እየተነገራት ነው የሰፋችው» አሉ አንዳንዶች።

«ሚስቱስ? እያወቀች አይደል ያሸችው?» አሉ ሌሎች።

የሟች እናት ሬሳውን ትክ ብለው አይተው፣ «አንተንስ ማን ተሸከመው አለህ?» አሉት።

ይታይሽ ራቅ ብላ ቆማ ሁሉንም ሰማች። እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ የተኮሰስ አንዳርጌ ነው፤ ክንዱን መልሰው ከሰጡት ከሦስቱ ግን የዚህ ደም ዕዳ የሚደርሰው ለማን ነው? ላዘለው፣ ለሰፋችው ወይስ ላሸችው?