ተመልሶ የመጣው ማኅተም

ይህን ምሳሌ መጀመሪያ የነገሩኝ የደብር ዕቃ ቤት ጠባቂ የነበሩት አለቃ ይኄይስ ናቸው። እኔ ደግሞ ለቀድሞ ተማሪዬ ለስንዱ ነገርኳት። ስንዱ ከባልደረቦቿ ጋር የምትጽፈው የኮምፒውተር ኮድ በሩቅ ማከማቻ ይቀመጣል። መግቢያው በፋይል መልክ ያለ ጥንድ ቁልፍ ነው፤ አንዱ ለማከማቻው ይሰጣል፤ ሌላው ከባለቤቱ ኮምፒውተር አይወጣም። እርሷ ተሳስታ የማይወጣውን ለመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ በሚደርስ መልእክት ላከችው፤ ወዲያውም አጠፋችው። «ጋሼ፣ ማንም ሳያየው አጥፍቼዋለሁ። ዝም ብል ምን አለበት?» አለችኝ።

አንድ ጸሐፊ ነበረ፣ አልኳት። የጻፋቸው መጻሕፍት የሦስት ቀን መንገድ ርቆ በሚገኝ ገዳም ይቀመጡ ነበር። የዕቃ ቤቱ ጠባቂ መነኩሴ የጸሐፊውን ማኅተም ምልክት በሰም ላይ ይዘዋል። በማኅተሙ የታተመ ደብዳቤ ሲመጣ ያስተያያሉ፤ ከገጠመ ለአምጪው ይከፍታሉ። አንድ ጊዜ ምልክቱ ስለ ደበዘዘ ሌላ እንዲልክ አስታወቁት። ጸሐፊው ቸኩሎ፣ በሰም አትሞ እንደ መላክ ማኅተሙን ራሱን በመንገደኛ እጅ ላከ። መነኩሴው ደንግጠው በዚያው ሰው እጅ መለሱለት።

መንገደኛው ሌባ ነበር ልል ነበር። አይደለም፣ ላርመው፤ ሌባ መሆን አለመሆኑን ማንም አያውቅም። ጭንቁም ይኸው ነው። ማኅተሙ ሳይጫር ተመልሷል፤ ነገር ግን ስድስት ቀን በሰው ከረጢት ውስጥ ከርሟል፤ አምሳያውን ለመሥራት ለአንጥረኛ ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ጸሐፊው እህል አልወርድ አለው። ሚስቱ፣ ዕቃው እጁ ገብቶ ሳለ ለምን እንደሚያለቅስ እየጠየቀች ታፌዝበት ነበር። በአራተኛው ቀን ማኅተሙን ድንጋይ ላይ አድርጎ በመዶሻ አደቀቀው። አዲስ አስቀርጾ፣ ሦስቱን ቀን በእግሩ ተጉዞ፣ ከመነኩሴው ፊት ቆመና «አባቴ፣ አጥፍቻለሁ። የድሮውን ምልክት ያቅልጡልኝ» አላቸው።

ስንዱ፣ ጸሐፊው አንቺ ነሽ። መልእክቱን ማጥፋትሽ ማኅተሙ ወደ እጅሽ መመለሱ ብቻ ነው፤ በመንገድ ማን እንዳየው አይነግርሽም። የድሮው ምልክት፣ ማለትም ለማከማቻው የሰጠሽው ቁልፍ፣ ከዚያ እስካልተሰረዘ ድረስ፣ አምሳያውን የያዘ ሰው አንቺን ሆኖ ይገባል። ስለዚህ ዛሬውኑ ለአለቃሽ ተናገሪ፤ አሰርዢው፤ አዲስ ጥንድም ሥሪ።

ተነሥታ ወደ መሥሪያ ቤቷ ሄደች። ከሳምንት በኋላ ደውላ፣ እንደተናገረች፣ የድሮው እንደተሰረዘ፣ ቁልፉን ያየ ሰው መኖሩን ግን ማወቅ እንዳልቻሉ ነገረችኝ። ይህ አያስጨንቅሽም ወይ አልኳት።

«የወሰደው ሰው ካለም፣ ጋሼ፣ የያዘው ምንም የማይከፍት ቁልፍ ነው» አለችኝ።

ይህን የጻፍኩት በዚያው ዕለት፣ ሚያዝያ አሥራ አንድ ቀን ነው።