እንትፍ ሜዳና የፊታውራሪው ሰገነት

ከዝግባ አፋፍ መንደር በታች፣ ገደሉ ጋ ሳይደረስ፣ በየዓመቱ የጥምቀት ለት የፈረስ ጉግስ የሚካሄድበት ሰፊ ሜዳ አለ። በአንድ ወገኑ ዳገቱን ተከትሎ ድንጋይ በእርከን በእርከን ተደርድሮበታል፤ አንዱ ወደ ፊት ያዘመመ፣ ሌላው ወደ ኋላ የሰመጠ፣ ሁሉም የድንጋይ ሽበት የወረሳቸው ናቸው። ተመልካች የሚቀመጠው እዚያ ላይ ነው። በእርከኖቹ መካከል ሣር ያለበሳት አንዲት ጉብታ ትገኛለች፤ ሊቀመጥ የሚመጣ ሁሉ፣ ቄስም ቢሆን ሙሽራም ቢሆን፣ አጠገቧ ሲደርስ ዞር ብሎ «እንትፍ!» ሳይል አያልፍም። ሜዳውም በዚሁ እንትፍ ሜዳ ይባላል። እንግዳ ስሙን ሲሰማ ይስቃል፤ የአገሩ ሰው ግን አይስቅም።

የአገሩ ሽማግሌዎች እንደሚሉት፣ በድሮ ዘመን ዝግባ አፋፍን ፊታውራሪ አስፋቸው የሚባል ሰው ይገዛ ነበር። በጀግንነቱ አይታማም ነበር ይባላል፤ ነገር ግን የገዛ አገሩን በእንግዳ ዓይን እያየ የሚያፍር ሰው ነበር። ሴት ልጁን ለአንድ ትልቅ ደጃዝማች ልጅ አጭቶ ሳለ፣ ደጃዝማቹ ለጥምቀት በዓል እንደሚመጡ መልእክት ደረሰውና ወደ ሜዳው ወርዶ ዙሪያውን ቃኘ። እያንዳንዱ ቤተሰብ የአያቱን ድንጋይ ያውቅ ነበር፤ ልጅ የሚቀመጠው አባቱ በተቀመጠበት ነበር። ፊታውራሪው ግን ይህን ሁሉ አይቶ ፊቱን አጨማደደና፣

«ደጃዝማችን እዚህ የፈረሰ ጉሮኖ ውስጥ ላስቀምጣቸው ነው?» አለ።

ሽማግሌዎች ሲናገሩ፣ የዝግባ አፋፍ ሰው እድሳት አልጠላም ይላሉ፤ የወደቀ ድንጋይ ማንሳት፣ የተናደውን መካብ የአባት ወግ ነውና። ፊታውራሪው ያዘዘው ግን ሌላ ነበር። የመካከሉን ድንጋይ ሁሉ አስነቅሎ ለእንግዳውና ለራሱ ከሰው ሁሉ በላይ የሚታይ ሰገነት አስካበበት፤ በጭቃና በጭድ አስመርጎ ኖራ አስቀባው። ሜዳውንም አቧራ እንዳይነሣ ቀይ አፈር አስደልድሎ፣ ውሃ እያስረጨ፣ እንደ ገበታ እስኪለሰልስ አስደበደበው። በየቀኑ እየወረዱ «ጌታዬ፣ ገና አሁን ሜዳ ሆነ!» የሚሉ ባለሟሎች አልጠፉም፤ አባቶቻቸው የተቀመጡበት ድንጋይ እግራቸው ሥር ተሰባብሮ እያዩ።

በዚያ ዘመን የአገሩ ስመ ጥር ጉግሰኛ ማንያዘዋል የሚባል ሰው ነበር። ቦራ የሚለው ፈረሱ ከአንድም ሁለት ጊዜ ከጦር ሜዳ በሕይወት አውጥቶታል ይባላል። የበዓሉ ዋዜማ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ፊታውራሪው ማንያዘዋልን አስጠርቶ ሜዳውን እንዲሞክረው አዘዘው። ቦራ ለስላሳውን መሬት ገና ሲረግጥ አንገቱን ሰብቆ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ጌታዬ፣ መሬቱ ያዳልጣል። ትንሽ ቢጫር» አለ ማንያዘዋል።

«እንግዳ የሚያየውን መሬት ልቦጫጭርልህ? ከፈራህ ውረድና ሌላ ይጫን።»

በሰው ፊት ፈሪ መባሉ አንገበገበውና ማንያዘዋል ፈረሱን ኮለኮለው። ቦራ እየጋለበ መጥቶ ለመታጠፍ ሲሞክር አራቱም እግሮቹ በአንድ ጊዜ ከዱት፤ አንገቱ ተቀጭቶ ወዲያው ሞተ፤ ማንያዘዋልም ጭኑ ተሰብሮ ከሥሩ ተጋደመ።

እንደ አጋጣሚ በዚያው ሰዓት የደጃዝማቹ ጓዝ ቁልቁለቱን ሲወርድ ታየ። ፊታውራሪው የሚያስበው ስለ ሰውየው አልነበረም። «ይህን ከዓይኔ አጥፉልኝ!» ብሎ ጮኸ። ወደ ገደሉ እንዳይጎትቱት መንገዱ እንግዳው የሚመጣበት ነው። ከሰገነቱ ጀርባ ግን ገና ያልተደፈነ ቀዳዳ ነበር፣ ሆዱም አልተሞላም ነበርና፣ ቦራን እየገፉ እዚያ ወተፉት፤ እግሩ አልገባ ቢላቸው በመጥረቢያ ቆርጠው አስገቡት ይባላል። ማንያዘዋል ከመሬት ሳይነሣ፣

«ጌታዬ፣ ነፍሴን ያተረፈ ፈረስ ነው። እኔ ልቅበረው፤ ጉድጓዱን እህቴ ታስቆፍራለች» ብሎ ለመነ።

«ሌላ ፈረስ እሰጥሃለሁ» አለው ፊታውራሪው፣ ዞሮ እንኳ ሳያየው። ቀዳዳውም በጭቃ ተመረገ፤ ኖራም ተቀባ።

ጥምቀት በሰላም አለፈ። ፊታውራሪው «መሬቱ ገና አልጠናም» እያለ ጉግሱን ስላቆየው በሜዳው ላይ ዘፈንና ግብር ብቻ ሆነ። በማግስቱ፣ ቃና ዘገሊላ ለት፣ ግብሩ እንደቀጠለ ሳለ፣ ፀሐይዋ ስትከር ሰገነቱ መሽተት ጀመረ። ጠጅ ሳር ተጎዘጎዘ፣ አሪቲ ተበተነ፤ ሽታው ግን ከሥር እየመጣ ጉሮሮ ይይዝ ነበር። ዝንቡ ከግድግዳው ወደ ሥጋው፣ ከሥጋው ወደ ሰው ከንፈር ይመላለሳል። ደጃዝማቹ በኩታቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ሲይዙ፣ ባለሟሎቹ «የአዲስ ኖራ ጠረን ነው፤ ሲደርቅ ይተዋል» አሉ። ነጩ ግድግዳ ቡናማ ነገር ማላብ ጀመረ፤ ከስንጥቁም ትል ይወድቅ ጀመር። ሽማግሌዎች እዚህ ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ይለዋወጣል፤ ከባለሟሎቹ አንዱ ያንን ፈሳሽ በገዛ ነጠላው ጠርጎ፣ በዚያው እጁ ጥሬ ሥጋ አንሥቶ እየሳቀ ጎረሰ ይላሉ።

ይህን ጊዜ ነው የማንያዘዋል እህት ደብሪቱ ሰዉን እየከፈለች መጥታ ከሰገነቱ ፊት የቆመችው።

«ምን ፈልገሽ ነው?» አላት ፊታውራሪው።

«የወንድሜ ፈረስ የተቀበረበትን ልይ ብዬ ነው፣ ጌታዬ።»

«ገደል ተጥሏል።»

«ከገደሉ አጠገብ መጣሁ፤ ገደሉ አይሸትም። የሚሸተው እርስዎ የተቀመጡበት ነው።»

ደብሪቱ ወደሚያልበው ግድግዳ ተጠግታ አየችና «እንትፍ!» አለችበት። አሽከሮች ሊይዟት ሲንደረደሩ ደጃዝማቹ በእጃቸው ከለከሉና ወደ ፊታውራሪው ዞሩ።

«እውነቷን ነው?»

«ጌታዬ… እርስዎን ለማክበር ብዬ ነው።»

ደጃዝማቹ በእጃቸው የያዙትን ሥጋ ለአፍታ ተመለከቱት። ከዚያ አስቀመጡት፤ አፋቸውንም ጠረጉ።

«ጥንብ ላይ አስቀምጠህ ታበላኛለህ፤ ክብር ትለዋለህ። ልጄ ከእንደዚህ ያለ ቤት አያገባም።»

ከሰገነቱ ወርደው እርሳቸውም ተፉበት። ከዚያ ሰዉ ሁሉ እየተነሣ ተፋ። ከሁሉ ጮክ ብለው የተፉት ግን «የኖራ ጠረን ነው» ሲሉ የነበሩት ናቸው ይባላል፤ ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ ከፊታውራሪው ይልቅ እነርሱን ይጸየፋሉ።

ፊታውራሪው ከዚያ በኋላ በአገሩ ቀና ብሎ መሄድ አልቻለም፤ ወደ ቆላ ወርዶ እዚያው ቀረ ይላሉ። ደብሪቱ ከጎረቤቶቿ ጋር ሰገነቱን አፍርሳ የቦራን ሬሳ አወጣች፤ እዚያው ቦታ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍራ በወጉ ቀበረችው። ዛሬ እንትፍ የሚባልባት ጉብታም የፍርስራሹ ጭቃና ኖራ በላዩ የተከመረበት ያ ቦታ ነው። ድንጋዮቹን ሰው ከፍርስራሹ እየመረጠ ወደ ቦታቸው መለሰ፤ የማን የማን እንደሆነ ስላልለየ ግን እየተጨቃጨቀ እንደሆነለት አስቀመጠው፤ እርከኑ ጠማማ የሆነውም ለዚህ ነው። ማንያዘዋል ዳነ፤ እያነከሰ ወርዶ ለስላሳውን መሬት በዶማ ቆፈረው ይባላል። ፈረስ ግን ዳግመኛ አልጫነም።

ዛሬ ሜዳውን ለማየት ከሩቅ የሚመጣ ብዙ ነው። ድንጋዩ ላይ ፎቶ ተነሥቶ «እንዴት ዝም ብላችሁ ታዩታላችሁ? አይታደስም?» ብሎ አዝኖ የሚሄድም አለ። ባለፈው ዓመት ከከተማ የመጡ ሰዎች የሲሚንቶ ደረጃና ጣሪያ ያለው የክብር ቦታ የተሣለበት ንድፍ ይዘው መጡ። ሜዳውን የሚጠብቁት አቶ ደምለው አዙረው አሳዩዋቸው፤ በየዓመቱ ከከተራ በፊት እያንዳንዱ ቤተሰብ የወደቀውን እንደሚያነሣ፣ የላይኛው ካብ ግን ዘንድሮ ሊናድ ስለሆነ የሚያግዝ ቢገኝ ደስታቸው እንደሆነ ነገሯቸው። ንድፉን የያዘው ሰው አልረካም።

«እሺ፣ የክብር እንግዳስ የት ይቀመጥ፣ አባቴ?»

«የፈለገበት ይቀመጥ፤ ድንጋዩ ሰው አይመርጥም» አሉ አቶ ደምለው። «ከሰው በላይ ካልታየሁ የሚል ካለ ግን ፈረስ ይጫን፤ ሜዳው ክፍት ነው።»